ማርሴሊን፣ የቫምፓየሮች ንግሥት

ማርሴሊን በፔንድልተን ዋርድ የተፈጠረውና በ2010 እ.ኤ.አ. በካርቱን ኔትወርክ መታየት የጀመረው «አድቬንቸር ታይም» የተሰኘው ተከታታይ የአኒሜሽን ፊልም ገጸ ባሕርይ ናት። ድምፅዋ የኦሊቪያ ኦልሰን ነው።

ጠባይ፦ ከ1,000 ዓመት በላይ ብትኖርም መልኳ የወጣት ነው። ተንኮልና ማስደንገጥ ትወዳለች፤ ውስጧ ግን ርኅሩኅ ነው። በደም ፋንታ ቀይ ቀለም ትመጥጣለች፤ ጥርሷን የሰካችበት እንጆሪ ቀለሙን አጥቶ ይገረጣል። የጦር መጥረቢያዋን ቤዝ ጊታር አድርጋ ሐዘኗን ታዜምበታለች።

ታሪክ፦ አባቷ የአጋንንት ዓለም ገዥ፣ እናቷ ሰው ነበረች። ዓለምን ካወደመው ጦርነት በኋላ በፍርስራሽ መካከል ስታለቅስ ሳይመን ፔትሪኮቭ የተባለ ሰው አገኛት፤ የአሻንጉሊት ድብ ሰጥቶ አባበላት፣ ተንከባከባትም። የሚጠብቃት በአንድ አስማታዊ ዘውድ ኃይል ነበር፤ ያው ዘውድ ግን አእምሮውን ነጥቆ «የበረዶ ንጉሥ» አደረገው፣ እሷንም አስረሳው። የታሪኳ ልብ የሚነካው ይህ ነው፦ የማትሞተው ንግሥት፣ የረሳትን አሳዳጊዋን ለዘመናት ታስታውሳለች።