ቤዛና ቀረጥ፦ የመተማ ጠረፍ ያለፈ ዘመን

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ፣ የወይና ደጋውን ነፋስ ከኋላው ትቶ፣ ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውኃን አልፎ፣ የዕጣን ዛፍ የበዛበትን ቆላ እያቋረጠ መተማ ዮሐንስ በደረሰ ጊዜ፣ ከፊቱ የሚያገኘው በበጋ የሚደርቅ አንድ ጠባብ ወንዝ ነው፤ ከወንዙ ወዲህ ኢትዮጵያ፣ ከወንዙ ወዲያ ገላባት የምትባለው የሱዳን ከተማ ናት። ይህች መሻገሪያ ብዙውን ሰው ስታበለጥግ፣ ብዙውንም ስታስለቅስ የኖረች ስለ ሆነች፣ እገታ በጠረፉ ቤተ ሰብ ላይ የሚያወርደውን መከራ ለማወቅ የሚወድ ሰው ከዕለቱ ወሬ አስቀድሞ የገበያውን ታሪክ ቢመረምር ይበጀዋል።

መተማን ገበያ ያደረጓት በአመዛኙ ተክሩር የሚባሉት እስላሞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከምዕራብ አፍሪቃ ለሐጅ ተነሥተው፣ በመንገዳቸው ይህን ለም ቆላ አይተው የሰፈሩ ሲሆኑ፣ ጥጥ እየዘሩ፣ ከደጋ የሚወርደውን ቡናና ሰም ከሱዳን በሚመጣው ጨርቅ እያስለወጡ፣ ከሁለቱም ወገን ነጋዴ የሚገናኝበት ታላቅ ገበያ አቆሙ። ግብጾች በ1813 ዓ.ም. ሱዳንን ከያዙ ወዲህ ግን ተክሩሮች በሁለት ኃይላን መካከል ስለ ወደቁ፣ ለጎንደር መኳንንትም ለካርቱም ገዥዎችም ግብር መገበር ግድ ሆነባቸው። ይህ እጥፍ ግብር ከባድ ቢሆንም አንድ ጥቅም ነበረው፤ ይኸውም ከፋዩ ለማን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚከፍል ማወቁ ነው።

በዚያ ገበያ ግን ከቡናውና ከሰሙ ጎን የሰው ልጅ ይሸጥ ነበር። በ1854 ዓ.ም. በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር፣ ከኢትዮጵያ ወገን የመጡ ወጣት ሴቶች በባሪያ ነጋዴዎች ድንኳን ተቀምጠው ገዢ ሲጠብቁ እንዳየ በመጽሐፉ መስክሯል። ከእነዚህ ከእያንዳንዳቸው በስተኋላ በአባይ ማዶ ወይም በሌላ አውራጃ የቀረች እናት አለች፤ ልጅዋ በማን እጅ እንደ ገባች፣ በየትኛው ገበያ እንደ ተሸጠች የሚነግራት ሰው ሳታገኝ የሞተች እናት ማለት ነው። የመተማ ታሪክ የንግድ ታሪክ ነው ሲባል፣ ይህም ከንግዱ መዝገብ አንድ ገጽ መሆኑ ሊረሳ አይገባውም።

መንገዱም ቢሆን ከሥጋት የተለየበት ጊዜ ጥቂት ነበር። በዘመነ መሳፍንት የቋራው ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ በዚሁ ቆላ ሸፍተው ነጋዴ ይዘርፉ ነበር፤ በ1840 ዓ.ም. ግን ወሰኑን ተሻግረው ደባርቂ ላይ ከግብጽ መድፍ ጋር በገጠሙ ጊዜ ተሸነፉ። ቆላው ለሽፍታ የተመቸ ነው፤ በክረምት ሣሩ ፈረሰኛን ይሰውራል፣ ወባው የደጋ ወታደርን ይጥላል፣ የተሳደደም ሰው ወንዙን ቢሻገር ሌላ ንጉሥ ግዛት ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ዘመን የመጣው ግን በሱዳን የግብጽ መንግሥት ሲፈርስ ነው። ደርቡሾች የሚባሉት መሐዲስቶች ተነሥተው የግብጽ ጦር በየምሽጉ በተከበበ ጊዜ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1876 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር በተዋዋሉት መሠረት፣ በገላባት የነበረውን የግብጽ ጦር በኢትዮጵያ ምድር አሳልፈው ወደ ምጽዋ ሸኙ፤ ስለዚህም ደርቡሾች ፊታቸውን ወደ ኢትዮጵያ መለሱ። በ1879 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን መትተው አቃጠሉ፤ በማግሥቱ ዓመት የደርቡሾቹ የጦር አዛዥ አቡ አንጃ ሳር ውኃ ላይ ንጉሡን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ፣ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ሴትና ሕፃንም ማርኮ ወሰደ። በመጨረሻ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው መተማ ላይ ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ፤ ከተማይቱ እስከ ዛሬ በስማቸው ትጠራለች። የንጉሡ ሞት በየታሪክ መጽሐፉ ተጽፏል፤ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ በምርኮ የተለያዩት አባወራዎች፣ እናቶችና ልጆች ግን ጸሐፊ አላገኙም።

ጠረፉ የተነፈሰው ሁለቱ መንግሥታት በተስማሙ ጊዜ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ወሰኑ ተለይቶ መተማ ለኢትዮጵያ፣ ገላባት ለሱዳን ሆኑ፤ በሁለቱም ወገን ኬላ ቆመ፣ ነጋዴውም ቀረጡን እየከፈለ ይመላለስ ጀመር። የሰው ንግድ ግን በውሉ ወዲያው አልጠፋም፤ በ1916 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ተገታ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው ደግሞ በሕግ ፈጽሞ ተከለከለ። በዚህ መካከል የኢጣልያ ወረራ መጥቶ፣ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ስሊም የሚያዝዘው የእንግሊዝ ጦር በገላባትና በመተማ ከኢጣልያኖች ጋር ተዋግቷል።

በኋለኛው ዘመን የቆላው ሀብት ሰሊጥ ሆነ። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ እህል ነው፤ ታጭዶ ነዶው ቆሞ በሚደርቅበት ሰሞን ፍሬውን የተሸከመው ከረጢት ከአፉ ስለሚከፈት፣ ገበሬው ጥቂት ቀን የዘገየ እንደ ሆነ የዓመት ድካሙ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ባለ እርሻው ሰው ይዞ ቤዛ የሚጠይቅ አጋች በዙሪያው እንዳለ እያወቀ እንኳ ማሳውን ጥሎ ሊሸሽ አይችልም፤ ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞችም ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ አይመለሱም። አዝመራው በተሸጠ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ በእጅ መኖሩን አገር ሁሉ ያውቃል። ሰሊጡ የመጣለት ቤት፣ በዚያው ወር ሥጋት የሚገባበት ቤት ሆነ።

ሰው በታገተ ጊዜ የሚሆነው ሁሉ በቤተ ሰቡ ላይ የሚወድቅ ነው። ስልክ ይደወላል፤ የታጋቹን ድምፅ አሰምተው ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ዘመድ ተሰብስቦ በሬውን ይሸጣል፣ መሬቱን ያከራያል፣ ከጎረቤት ይበደራል፣ በውጭ አገር ያለ ወንድም እንዲልክ ይለመናል፤ ሽማግሌም ለድርድር ይላካል። ቤዛው ተከፍሎ ሰውየው ቢመለስ፣ ቤቱ ዕዳ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይኖራል፤ ተከፍሎም የማይመለስ አለ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በጎንደር ከተማ የታገተች አንዲት ሕፃን ተገድላ በመገኘቷ፣ ሕዝቡ ልቡ ቆስሎ አደባባይ ወጥቶ ነበር።

መተማ በሌላም መንገድ የሰው ገበያ ደጃፍ ሆናለች። ሥራ ፍለጋ ወደ ሊቢያና ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ወጣቶች በደላላ እጅ በዚህ በኩል ወደ ገዳሪፍና ወደ ካርቱም ሲሻገሩ፣ ብዙዎቹ ሊቢያ ውስጥ ተይዘው እየተገረፉ፣ ቤተ ሰባቸው ገንዘብ እንዲልክ በስልክ እንዲጮኹ ተደርገዋል። ከእነዚህ የሰው ነጋዴዎች አንዱ የሆነው ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተይዞ፣ በ2013 ዓ.ም. ከእስር አምልጦ፣ በ2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ እንደገና ተይዟል። እንዲህ ያለው ሥራ የእኛ ብቻ አይደለም፤ በሜክሲኮ ጠረፍ ዕፅ ሲያመላልሱ የኖሩ ካርቴሎች መንገዱንና ጠመንጃውን ከያዙ በኋላ ወደ ሰው ዘወር ብለው፣ በ2002 ዓ.ም. ሳን ፈርናንዶ በተባለ ስፍራ 72 ስደተኞችን ገድለዋል። መተላለፊያውን የያዘ ታጣቂ፣ የሚያተርፍ እስከ ሆነ ድረስ፣ ዕፅንና ሰውን አይለይም።

ዛሬ ጠረፉን እንደ ጥንቱ ያስጨነቀው የሁለቱ ዳርቻዎች በአንድ ጊዜ መታወክ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተነሣው ጦርነት ብዙ ሺሕ ስደተኞችን በመተማ በኩል ሲያስገባ፣ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተነሣ። ከካርቱም የሸሹት ስደተኞች በአውላላና በኩመር መጠለያዎች በዘራፊና በአጋች ስለ ተጨነቁ፣ በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ መጠለያውን ትተው መንገድ ዳር እስከ መስፈር ደርሰዋል። የሸሸውና ያስጠለለው በአንድ ፍርሃት ተገናኙ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ በመተማ የሚያልፍ ሰው ከመክፈል የዳነበት ዘመን አለመኖሩን ነው፤ የተለዋወጠው ተቀባዩ ነው። መንግሥታት በተስማሙ ጊዜ ክፍያው ቀረጥ ሆኖ በኬላ መዝገብ ይጻፋል፣ ለከፋዩም ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ስምምነቱ በፈረሰ ጊዜ ግን ቤዛ ሆኖ ከአባትና ከእናት ጉያ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ዳርቻ ብቻ ዘብ ማቆም አይበቃም፤ ሸሽቶ ወንዙን የሚሻገር ወንበዴ በማዶም ሕግ እንዲጠብቀው ያስፈልጋል። መሻገሪያውን መዝጋትም መድኃኒት አይሆንም፤ ኬላ ሲዘጋ ንግዱ በዱር ይሄዳል እንጂ አይቆምም፣ በዱር መንገድ ላይም ቀረጥ የሚቀበለው ጠመንጃ የያዘው ነው። ቤዛ ከፋዩን ቤት የሚያሳርፈው ክፍት ኬላ፣ በሁለቱ ዳርቻ የሚከበር ውልና ሳይዘገይ የሚፈርድ ዳኛ ነው።