ፖሊሶቹ ተዋናይ አልነበሩም

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ያረጀ ፊልም እየገዙ ቤታቸው የሚያከማቹ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው? ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ!» አለኝ። የታሪክ መምህር ነኝና መልሴም ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ አሜሪካ የሄደው በ1967 ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ዩሲኤልኤ ተማሪ ሳለ በ1975 «ቡሽ ማማ»ን ሠራ። ዋትስ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር በመንግሥት ድጎማ ልጇን የምታሳድግ የዶሮቲ ታሪክ ነው።

ፊልሙ ሲጀምር ፖሊሶች ሰው አቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ትወና እንዳይመስላችሁ! ፖሊሶቹ የእውነት ፖሊሶች ናቸው፤ የሚፈትሹትም ራሳቸውን የፊልሙን ሠራተኞች ነው። ኃይሌም ያንኑ የፊልሙ መግቢያ አደረገው።

በዚሁ ፊልም ካሜራ ከያዙት አንዱ ቻርለስ በርኔት ነበር። እሱም እዚያው ዋትስ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሁድ እየቀረጸ፣ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ ስለ አንድ የቄራ ሠራተኛ «ኪለር ኦፍ ሺፕ»ን ሠራ። ግን የዘፈኖቹን ፈቃድ መክፈል ስላልተቻለ ፊልሙ እስከ 2007 ድረስ ሲኒማ ቤት በወጉ ሳይገባ ቀረ። 30 ዓመት ገደማ ማለት ነው! በነዚያ ዓመታት የሚታየው እዚህም እዚያም በሚዞሩ የ16 ሚሊሜትር ኮፒዎች ነበር።

እንግዲህ ሰብሳቢዎቹን የሚስባቸው ይሄ ነው። አንደኛ፣ ኮፒው ጥቂት ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ የስቱዲዮ ግድግዳ ነገም ይሠራል፤ የ1970ዎቹ ዋትስ፣ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘሉት ልጆች፣ ያ ፍተሻ፣ ዳግመኛ አይቀረጹም። ያኔ አከፋፋይ ያላገኙ ፊልሞች ዛሬ የታሪክ ማስረጃ ሆነዋል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም የበርኔትን በ1990፣ የኃይሌን በ2022 በብሔራዊ የፊልም መዝገቡ አስፍሯቸዋል።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ፊልም መደርደሪያ ላይ ተቆልፎበት ብርቅ ዕቃ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰፈር ሁለተኛ ጠፋ ማለት ነው። ማስቀመጥ ጥሩ፣ ማሳየት ደግሞ የበለጠ ጥሩ።

የኛ ቤትስ? ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የጠጣ የሠርግ ካሴት የሌለው ማን አለ? ከመጣላችሁ በፊት አንዴ ክፈቱት። ሙሽሮቹን ተዉአቸውና ከኋላቸው ያለውን መንገድ እዩ፦ ሱቁን፣ አጥሩን፣ መኪናው ኋላ የሚሮጡትን ልጆች። ምናልባት ያ ሰፈር ዛሬ የቀረው እዚያች ካሴት ላይ ብቻ ይሆናል።