የአደራ መሬት፦ የማሳቹሴትስ ማዘጋጃ ቤቶችና ለሕዝብ የተጠበቀ መሬት ሕግ ታሪክ

«መሬት የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከእኛ የቀደመውን ትውልድ ለሰልፍ ያወጣ፣ ብዙዎቹን ለሞትና ለስደት የዳረገ ጥያቄ ነው። መልሱ «የሕዝብ ነው» የሚል ሆነ። ዳሩ ግን ይህ መልስ ራሱ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። መሬቱ የሕዝብ ከሆነ፣ በሕዝብ ስም የያዘውን ባለሥልጣን ማን ይጠይቀዋል? በየትኛው ሸንጎ ፊት? በምን ሕግ? በዚህ አጭር ጽሑፍ ለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ አንድ የአሜሪካ ስቴት በረጅም ዘመን የሰጠውን መልስ ለመመርመር እሞክራለሁ። ማሳቹሴትስን የመረጥኩት የሕዝብ መሬትና የማዘጋጃ ቤት ሥልጣን የተጋጩበት ታሪክ በዚያ ቀደምትና በሰነድ የተደገፈ በመሆኑ ነው። የዓመታቱ አቆጣጠር በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ነው።

የቦስተን ነዋሪዎች በ1634 ዊልያም ብላክስተን ከተባለው ቀዳሚ ሰፋሪ ይዞታውን በ30 ፓውንድ ገዙ። ገንዘቡ የተሰበሰበው ከየአባወራው ሲሆን መዋጮውም ከስድስት ሽልንግ ያላነሰ ነበር። ከዚሁ መሬት ለወታደር ልምምድና ለከብት ግጦሽ የሚሆን ሥፍራ ከለሉ፤ ዛሬ ቦስተን ኮመን የሚባለው፣ ስፋቱ በእኛ ልኬት ግማሽ ጋሻ ያህል የሚሆነው መናፈሻ ይኸው ነው። ሻጩም ገዢዎቹም ከመምጣታቸው በፊት አገሩ የማሳቹሴት ሕዝብ ርስት እንደ ነበረ ሳይጠቅሱ ማለፍ ለታሪክ ጸሐፊ አይገባም፤ የአደራው ሕግ የቆመው በነጠቃ መሠረት ላይ ነው። ሆኖም ቦስተን በ1822 የከተማነት ቻርተር ስታገኝ የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ቻርተሩ ለአዲሱ የከተማ አስተዳደር ብዙ ሥልጣን ሲሰጥ፣ ኮመኑን የመሸጥና የማከራየት ሥልጣን ግን ነፈገው። ከተማው መሬቱን ይይዛል፤ እንደ ባለርስት ግን አያዝበትም። ባለአደራ ነው ማለት ነው።

ይህ ሐሳብ ከአንድ መናፈሻ አልፎ የሕግ መርሕ ሆኖ የወጣው ቀስ በቀስ ነው። የኢሊኖይ ምክር ቤት በ1869 በቺካጎ ዳርቻ በሚሺጋን ሐይቅ ሥር ያለውን ከ1,000 ኤከር በላይ የሚሆን መሬት ለአንድ የባቡር ኩባንያ ሰጠ፤ በ1873 ተጸጽቶ ስጦታውን ሻረ። ኩባንያው ተከራከረ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1892 መሻሩን አጸና። መንግሥት ለሕዝብ በአደራ የያዘውን ውኃና ዳርቻ እንደ ማንኛውም ንብረት ለግል ጥቅም አሳልፎ ሊሰጥ አይችልም የሚለው የሕግ ትምህርት ዋና መሠረቱን ያገኘው ከዚህ ውሳኔ ነው።

በማሳቹሴትስ ይኸው መርሕ ወደ ተራራ የወጣው በ1966 ነው። የስቴቱ ከፍተኛ ጫፍ የሆነው የግሬይሎክ ተራራ ከ1898 ጀምሮ ለሕዝብ የተጠበቀ ሥፍራ ነበር። በ1953 ወደ ጫፉ የሚወጣ የገመድ መጓጓዣ የሚሠራ ባለሥልጣን በሕግ ተቋቋመ። ሐሳቡ እያደገ ሄዶ አንድ ትልቅ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ሆነ፤ አርባ ጋሻ ያህል የሚሆነው የተራራው መሬትም በኪራይ ተላለፈ። አምስት የአካባቢው ነዋሪዎች ከሰሱ። ከሳሾቹ በተራራው ላይ አንድ ክንድ መሬት አልነበራቸውም፤ የቆሙት በዜግነታቸው ብቻ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ኪራዩን አፈረሰው። ለሕዝብ ጥቅም የተለየ መሬት ለሌላ ተግባር እንዲውል ምክር ቤቱ ከፈለገ በግልጽ ቃል መናገር አለበት፤ በዝምታና በትርጓሜ አይሆንም ሲል ፈረደ። የሕግ ሊቁ ጆሴፍ ሳክስ በ1970 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ ይህን ውሳኔ ከዋና ዋና ምሳሌዎቹ አንዱ አድርጎታል።

በዚሁ ዘመን ገንዘብም ሕግ ይዞ መጣ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በመስከረም 1964 የፈረሙት የመሬትና የውኃ ጥበቃ ፈንድ ሕግ፣ ከ1965 መጀመሪያ አንሥቶ ስቴቶችና ማዘጋጃ ቤቶች መናፈሻ ሲገዙ ወይም ሲያለሙ እስከ ወጪው ግማሽ ድረስ ይረዳቸው ጀመር። ከ1968 ማሻሻያ በኋላ የፈንዱ ዋና ምንጭ ከባሕር ውስጥ ከሚወጣው ነዳጅና ጋዝ የሚገኘው ገቢ ነው፤ በ2020 የወጣው ሕግም በየዓመቱ 900 ሚሊዮን ዶላር በቋሚነት መደበለት። ለታሪካችን የሚበልጠው ግን የገንዘቡ መጠን ሳይሆን ግዴታው ነው። በፈንዱ የተገዛ ወይም የለማ ሥፍራ ያለ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፈቃድ ከሕዝብ መዝናኛነት ወደ ሌላ ተግባር አይዛወርም፤ ሲፈቀድም ቢያንስ በዋጋው የሚተካከል፣ በጥቅሙና በአቀማመጡም የሚመጣጠን ሌላ መሬት መተካት አለበት። የእርዳታው ገንዘብ በአንድ የበጀት ዓመት ያልቃል፤ ግዴታው ግን ከንቲባ ቢለወጥ፣ ምክር ቤት ቢቀየር አያልቅም።

የማሳቹሴትስ ሕዝብ ደግሞ በኅዳር 1972 በተሰጠ ድምፅ 97ኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቀ። በዚህ አንቀጽ መሠረት ለተፈጥሮ ጥበቃ የተያዘ መሬት ለሌላ ተግባር ሊውል ወይም ሊተላለፍ የሚችለው የሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት በየስማቸው ተጠርተው፣ በእያንዳንዱ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሕግ ሲያወጡ ብቻ ነው። እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን መወሰን አይችልም፤ የሚወስኑትም ስማቸውን ሳይደብቁ ነው።

አንቀጹ ግን አንድ ቀዳዳ ነበረው። በርስት መዝገብ ላይ «ለጥበቃ» የሚል ቃል ያልተጻፈበት መናፈሻ ምን ይሆናል? መልሱ የመጣው ከዌስትፊልድ ከተማ ነው። ከተማው የክሮስ ስትሪት መጫወቻ ሜዳን የያዘው በ1939 በግብር ዕዳ ነው፤ ስፋቱ ሁለት ሄክታር ቢሆን ነው። በ1979 ሜዳውን ለማደስ ከላይ ከተጠቀሰው ፈንድ እርዳታ ተቀበለ። በ2011 ምክር ቤቱ በሥፍራው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ወሰነ፤ ነዋሪዎች ከሰሱ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2016 ለከተማው ፈረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2017 ያንን ፍርድ ሻረ። ከተማው መሬቱን ለመናፈሻነት መለየቱ በማያሻማ ተግባር ከታየ፣ ሕዝቡም በዚያው ከተገለገለበት፣ በመዝገብ ባይጻፍም አንቀጹ ይጠብቀዋል አለ። ከሁሉ የከበደው ማስረጃም ከተማው ግዴታውን እያወቀ የፌዴራሉን ገንዘብ መቀበሉ ነበር። አደራው የታሰረው በገንዘቡ ነው።

ከዚህ ላይ የከተማውን ወገን ሳያዳምጡ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። የተፈለገው ቤተ ቁማር ወይም የባለጠጋ ቪላ ሳይሆን ትምህርት ቤት ነበር። የትናንት ምክር ቤት የዛሬውን እጅ ለምን ያስራል የሚለው መከራከሪያም ቀላል አይደለም። ሕጉ ግን ትምህርት ቤት አይሠራ አላለም፤ ምርጫው በአደባባይ፣ በከፍተኛ ድምፅ ይሁን አለ እንጂ። በተግባርም መሬትን ከጥበቃ የሚያወጡ ልዩ ሕጎች በየጊዜው ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት ይቀርባሉ፣ ብዙዎቹም ይጸድቃሉ። በኅዳር 2022 የተፈረመው ሕግ ደግሞ ሌላ አማራጭ አለመኖሩ እንዲጠና፣ ሕዝብ አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ ተተኪ መሬትም እንዲቀርብ አዟል። እገዳ ሳይሆን ሥርዓት ነው።

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። የመጋቢት 1975 አዋጅ የገጠርን መሬት የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገው፤ የ1995ቱም ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። ቃሉ ከማሳቹሴትሱ አንቀጽ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አይሸጥም የተባለው ግን ገበሬው እንዳይሸጥ ነው፤ ባለሥልጣኑ የመሬቱን ተግባር ሲለውጥ እንደ ግሬይሎኮቹ አምስት ሰዎች ቆሞ «በምን ሥልጣን?» የሚል ተራ ዜጋ የሚሰማበት በር ግን በሁለቱም ሥርዓቶች ጠባብ ነበር። ጥበቃ ብቻውን እንደማይበቃም የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ያስተምረናል። ፓርኩ በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ሲታወጅ መሬቱ ተጠበቀ፤ ለዘመናት ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት ከረዩዎች ግን ከግጦሻቸው ተፈናቀሉ። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ተጠብቆ ሕዝቡ ራሱ ሊገፋ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር በባለቤትነት ስም ላይ የተመሠረተ አይመስለኝም። ቦስተን ኮመንን የጠበቀው የባለቤቱ ማንነት አይደለም፤ ያዡ ሊያደርግ የማይችለው ነገር ተለይቶ መጻፉ፣ ሲያደርገውም ጠያቂ ማግኘቱ ነው። ብዙዎቻችን ዛሬ ግብር በምንከፍልባቸው ከተሞች ይህን ጥያቄ የመጠየቅ መብት አለን፤ በየማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ተገኝተን ብንጠቀምበት ከመጻሕፍት የማይገኝ ትምህርት ነው። ስለ አገራችን የወደፊት የመሬት ሕግ ስንነጋገርም «የማን ይሁን?» ከሚለው ጎን «ያዡን ማን ይጠይቀው?» የሚለውን እኩል እናንሣ። ጠያቂ የሌለው አደራ በስሙ ብቻ አደራ ነውና።