የረሃብ ሣር

በምዕራብ አየርላንድ የድሮ ገበሬ ከብት ሊፈልግ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ ተራራ የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ኪሱ ውስጥ ቁራሽ የአጃ ቂጣ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም ነበር። ቂጣው ስንቅ አይደለም፤ መድኃኒት ነው። በመንገዱ ላይ «ፌር ጎርታኽ» ሊያጋጥመው ይችላል። በአገሬው ቋንቋ የረሃብ ሣር ማለት ነው። ሣሩን ከሌላው ሣር የሚለየው ምልክት የለም። በክፉው ዘመን ሰው ተርቦ የወደቀበት ቦታ ላይ የበቀለ ነው ይባላል። ሳያውቅ የረገጠው ሰው፣ አሁን ከማዕድ የተነሣ ቢሆን እንኳ፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ አንጀቱ ይታጠፋል፤ ዓይኑ ይጨልማል። ያኔ ቶሎ ብሎ ያችን ቁራሽ ካልቀመሰ እዚያው ይቀራል።

ይህን ተረት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ስለ አየርላንድ ረሃብ ካነበብኩት ሁሉ እንደዚህ እምነት የከነከነኝ የለም። የመንግሥት መዝገብ ስማቸውን ያልጻፈላቸውን ሙታን አገሬው በሚረግጠው መሬት ላይ መዝግቦ አኖራቸው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ የእኛ ናቸው ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1841 በተደረገው ቆጠራ የአየርላንድ ሕዝብ 8,175,124 ነበር። በ1851 እንደገና ሲቆጠር 6,552,385 ሆኖ ተገኘ። በመካከሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃብ ጎትቶ ባመጣው በሽታ አልቋል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደግሞ ባሕር ተሻግሯል።

ወሬው ሁልጊዜ ከድንች ይጀመራል፤ የነገሩ ሥር ያለው ግን መሬቱ ላይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ ከኦሊቨር ክሮምዌል ዘመቻ በኋላ፣ የካቶሊኮቹ መሬት እየተነጠቀ ለእንግሊዝና ለስኮትላንድ ፕሮቴስታንቶች ታደለ። በ1801 የአየርላንድ ፓርላማ ፈርሶ አገሪቱ ከለንደን ትገዛ ጀመር። ገበሬው በአያቶቹ እርሻ ላይ ጢሰኛ ሆነ። (ጢሰኛ የሚለውን ቃል ለእኛ አንባቢ ማብራራት አያሻም፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1967 በፊት ነፍስ ያወቀ ሰው ከነሕመሙ ያውቀዋል።) ባለመሬቱ ብዙ ጊዜ ለንደን ተቀምጦ ኪራዩን በወኪል ያስሰበስባል። ጢሰኛው አጃውንና ስንዴውን፣ አሳማውንና ቅቤውን ሸጦ ኪራይ ይከፍላል። ለራሱና ለልጆቹ የሚቀረው ከጓሮው ኩርማን የሚቆፍረው ድንች ነው።

ድንች ደግሞ የድሃ አለኝታ ነበር። ከግማሽ ሄክታር የማይበልጥ መሬት ቤተሰብ ያኖራል። በሥራ ላይ ያለ ጎልማሳ በቀን 5 ወይም 6 ኪሎ ድንች ከአሬራ ጋር ይበላ እንደነበር ተጽፏል። በብዛት ይተከል የነበረው «ላምፐር» የሚባለው ዝርያ ምርቱ የተትረፈረፈ፣ በሽታ የመቋቋም አቅሙ ግን ደካማ ነበር። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ከድንች ሌላ ምግብ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በ1845 በጋው ሲያበቃ ሻጋታ መሰል በሽታ ከባሕር ማዶ መጣ። ማታ ለምለም ሆኖ የታየው ማሳ ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል፤ ቆፍረው ሲያወጡት ድንቹ እጅ ላይ ይሟሟል፤ ሽታው ከሩቅ ይሰነፍጣል። በዚያ ዓመት የጠፋው የምርቱ ከፊል ነበር። በ1846 ግን የተረፈ የለም ማለት ይቀላል።

በመጀመሪያው ዓመት የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል ከአሜሪካ በ100 ሺህ ፓውንድ በቆሎ በድብቅ አስገዙ። በ1846 አጋማሽ ሥልጣኑን ሎርድ ጆን ራስል ሲረከቡ ነገሩ ተለወጠ። ገንዘብ ቤቱን በዋና ኃላፊነት ይመራ የነበረው ቻርልስ ትሬቨልያን፣ ገበያን መንግሥት እንዳይነካው የሚል ጽኑ እምነት ነበረው፤ መቅሰፍቱንም የፈጣሪ ሥራ አድርጎ ጽፎታል። በ1848፣ ሰዉ ገና እየረገፈ ሳለ፣ የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው። ስሙ ዛሬ በአየርላንድ ስታዲየሞች «ዘ ፊልድስ ኦቭ አተንራይ» የሚለው ዘፈን በተዘፈነ ቁጥር ይነሣል። በሺህ የሚቆጠር የኳስና የራግቢ ደጋፊ የአንድ የገንዘብ ቤት ሹም ስም ከ170 ዓመት በኋላ በዜማ የሚጠራበት ሌላ አገር መኖሩን አላውቅም።

ወደቦቹ አልተዘጉም። ከ1846 መኸር እስከ 1847 መግቢያ፣ ሰው ሣርና የባሕር አረም እየበላ ሳለ፣ እህሉና ከብቱ፣ ቅቤውም በወታደር ታጅቦ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። እውነቱን ለመናገር በ1847 ከውጭ የገባው እህል ከወጣው ይበልጣል፤ ግን የደረሰው ክረምቱ የሚገድለውን ከገደለ በኋላ ነው፤ የደረሰውም በገበያ ዋጋ ነው። ድንቹ የበሰበሰበት ሰው ከኪሱ የሚያወጣው ሳንቲም የለውም። መንግሥት ለችግረኛው ሥራ እንስጠው ብሎ መንገድ ያስቆፍር ጀመር። በማርች 1847 ከ700 ሺህ በላይ ሰው ባዶ ሆዱን ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። ከየትም ተነሥተው የትም የማይደርሱ፣ ተራራ ላይ ተጀምረው ተራራ ላይ የሚያልቁ መንገዶች እስከ ዛሬ አሉ።

በዲሴምበር 1846 ኒኮላስ ካሚንስ የሚባል የኮርክ ዳኛ ስኪበሪን ወደምትባል ከተማ አቅራቢያ ሄዶ ያየውን ለዌሊንግተን መስፍን ጻፈ፤ ደብዳቤው በገና ዋዜማ በ«ታይምስ» ጋዜጣ ወጣ። አንድ ጎጆ ገብቶ ስድስት ሰዎች ጥግ ላይ ጭድ ላይ ተጋድመው፣ በፈረስ ልብስ ተሸፍነው አገኘ። አስከሬን መሰሉት። ሲጠጋ አቃሰቱ፤ በሕይወት ነበሩ። በዚያችው ከተማ አጠገብ በአቢስትሩሪ መቃብር ከ8 ሺህ እስከ 10 ሺህ ሰው ያለ ስም በጋራ ጉድጓድ ተቀብሯል። ቦታው ዛሬ ሜዳ ነው፤ ሣር ብቻ።

አንድ ነገር ግን ሠርቶ ነበር። በ1847 በጋ መንግሥት የሾርባ ቤት ከፈተ፤ በጁላይ በቀን 3 ሚሊዮን ሰው ይመገብ ነበር። ከዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን መንገድና መጓጓዣ፣ በዚያ ዘመን ጽሕፈትና መዝገብ፣ 3 ሚሊዮን ሰው በየቀኑ ማብላት ይቻል እንደነበር በተግባር ታየ ማለት ነው። ከዚያ በሴፕቴምበር ተዘጋ። የድሃው ሸክም በየአውራጃው የመሬት ግብር ላይ ይውደቅ ተባለ። በዚሁ ሕግ ውስጥ ዊልያም ግሪጎሪ የተባለ የፓርላማ አባል ያስገባው አንቀጽ፣ ከሩብ ኤከር በላይ፣ ይኸውም ከአንድ ሺህ ካሬ ሜትር ብዙም ከማይበልጥ፣ መሬት የያዘ ሁሉ መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ እንዳያገኝ ከለከለ። ጢሰኛው መሬቱን ይዞ ይሙት ወይም መሬቱን ጥሎ ይለምን። ባለመሬቶችም የአነስተኛ ጢሰኞችን ግብር ከመክፈል ጎጆ ማፍረስ ረከሰላቸው። ከ1849 እስከ 1854 ባለው ጊዜ ብቻ ወደ 250 ሺህ ሰው ከቤቱ ተነቅሏል።

የሜዮ አውራጃዋ ሉዊስበርግ በማርች 30 ቀን 1849 ያየችው ከዚህ ሁሉ የወጣ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ረሃብተኞች የእርዳታ መዝገባቸውን የሚያጣሩ ሹማምንት ይመጣሉ ተብለው ተሰበሰቡ። ሹማምንቱ ግን ሐሳባቸውን ቀይረው ዴልፊ ወደሚባል ማረፊያ አለፉ፤ ለአደንና ለዓሣ ማጥመጃ የተሠራ የመኳንንት ቤት ነው። ሕዝቡ ነገ ጠዋት እዚያ ይገኝ ተባለ። መንገዱ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊቱን ተጓዙ፤ ብርድ ነው፤ ብዙዎቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ያበጠ ወንዝ በእግር ይሻገራሉ። ሲደርሱ፣ እንደሚተረከው፣ ሹማምንቱ ምሳ ላይ ነበሩ፤ እስኪጨርሱ ጠብቁ ተባሉ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በዱሎኽ ሐይቅ ዳር ባለው ገደል መንገድ ነፋሱና በረዶ ቀላቅሎ የሚወርደው ዝናብ አገኛቸው። ስንት ሰው እንደሞተ ዛሬም ያከራክራል። በወረቀት የተመዘገቡት ጥቂቶች ናቸው፤ የአካባቢው ሰው ግን በመቶዎች ይቆጥራል። እኔ በዚህ ነገር ከወረቀቱ ይልቅ አገሬውን ለማመን ይዳዳኛል። ወረቀቱን የጻፉት ምሳ ላይ የነበሩት ናቸውና።

በአየርላንድኛ ይህ ዘመን «አን ጎርታ ሞር»፣ ታላቁ ረሃብ፣ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ግን ይበልጥ የሚሉት «አን ድሮኽሂል» ነበር። ትርጉሙ ክፉው ዘመን ነው። ቃሉን መጀመሪያ ሳገኘው ደነገጥኩ። እኛም በዐፄ ዮሐንስ ማብቂያና በዐፄ ምኒልክ መባቻ ከብቱ አልቆ፣ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበትን ዘመን «ክፉ ቀን» ነው ያልነው። ሁለት ሕዝቦች ሳይተዋወቁ ረሃብን በስሙ ላለመጥራት አንድ ዓይነት ስም አወጡለት። አየርላንዶች ዛሬም በቃል ይጨቃጨቃሉ። አገሪቱ ውስጥ ምግብ እያለ ሰው ያለቀበትን ነገር እንግሊዞች «ፋሚን» በሚሉት ቃል አንጠራም የሚሉ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት «ዘር ማጥፋት» የሚለውን አይቀበሉም፤ ለንደን ሊያድን ይችል የነበረውን ሕይወት አለማዳኑን ግን የሚክድ እምብዛም አይገኝም። አማርኛ በዚህ ረገድ ደግ ነው፤ ድርቅና ረሃብን በሁለት ቃል ይለያቸዋል። ድርቅ ከሰማይ ነው። ረሃብ ከቤተ መንግሥትም ሊመጣ ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ዝምታውን ነው። ከረሃቡ የተረፉት ስለ ረሃቡ አያወሩም ነበር። በ1930ዎቹ ማብቂያ 50 ሺህ ያህል የትምህርት ቤት ልጆች ከአያቶቻቸው የሰሙትን በደብተር እንዲጽፉ ተደረገ፤ በ1945 ደግሞ የአፈ ታሪክ ኮሚሽኑ ስለ ረሃቡ ብቻ መጠይቅ አስበተነ። መልሱ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ «እኛ ጋ ያን ያህል አልከፋም፤ የከፋው ማዶ ባለው ቀበሌ ነው» የሚል። ማዶ ሲጠየቅ ደግሞ ወዲህ ይጠቁማል። ተርቤ ነበር ማለት ነውር ነው። እኛስ ብንሆን ረሃባችንን ለእንግዳ እንናገራለን? ከነውሩ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። የተነቀለው ጎረቤት መሬት በማን እጅ ገባ? በሩን ያልከፈተው ማን ነው? አንዳንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ሾርባ የሚሰጡት ሃይማኖቱን ለለወጠ ነበርና፣ «ሾርባ የጠጡ» የሚለው ስድብ በአንዳንድ ቤተሰብ ላይ እስከ ልጅ ልጅ ተጣብቆ ቀርቷል። ኩዌከሮች የተባሉት ክርስቲያኖች ግን ማንንም ሃይማኖት ሳይጠይቁ አብልተዋል፤ አገሬው ይህንንም አልረሳም። ቋንቋውም ከሙታኑ ጋር ተቀበረ። ክፉኛ የተመታው ምዕራቡ አየርላንድኛ ተናጋሪ ነበር፤ የተረፈውም ልጁን ለስደት እያዘጋጀ እንግሊዝኛ አስተማረው።

ይህን ዝምታ የሰበረው፣ እንደ እኔ እምነት፣ የሌላ ሰው ረሃብ ነው። በ1968 የተራቡ የቢያፍራ ልጆች ሥዕል ደብሊን ሲደርስ «ኮንሰርን» የተባለው ድርጅት ተመሠረተ፤ በ1973 የወሎ ረሃብ ጊዜ ወደ እኛ መጣ፤ እስካሁንም አለ። በእኛ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ዓለምን ለእርዳታ የቀሰቀሰው ቦብ ጌልዶፍ አየርላንዳዊ ነው። በሐምሌ 1977 በእኛ አቆጣጠር የ«ላይቭ ኤይድ» ኮንሰርት ሲካሄድ፣ ሥራ አጥነት ያደቀቃት ያች ትንሽ አገር በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከሁሉም አብልጣ ሰጠች። በ1992 ፕሬዚዳንት ሜሪ ሮቢንሰን ረሃብ ላይ ወዳለችው ሶማሊያ ሄዱ፤ በ1994 በስትሮክስታውን የተቋቋመውን የረሃብ ሙዚየም የከፈቱትም እሳቸው ናቸው። ሙዚየሙ የተሠራው በአንድ ባለመሬት ቤት ውስጥ በተገኙ ወረቀቶች ነው፤ ከወረቀቶቹ መካከል ጢሰኞች እርዳታ ለምነው ያስገቡት አቤቱታ ይገኛል።

አየርላንዶችም የተቀበሉትን አልዘነጉም። በ1847 የአሜሪካ ቾክታው ሕዝብ፣ ከገዛ ምድሩ በግድ ተነድቶ ሺዎች መንገድ ላይ ካለቁበት ገና 16 ዓመቱ ሳለ፣ 170 ዶላር አዋጥቶ ለአየርላንድ ላከ። ዛሬ በኮርክ አውራጃ ሚድልተን ከተማ ዘጠኝ ግዙፍ የብረት ላባዎች በክብ ቆመው ለቾክታው መታሰቢያ ሆነዋል። በዱሎኽ መንገድም ከ1988 ጀምሮ በየዓመቱ ሰዎች ይጓዛሉ። በ1991 ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ አብረው ተጉዘዋል።

ከለንደን የመጣው ቃል ዘግይቶ ነበር። በ1997 የጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ነው የተባለ መልእክት በኮርክ በአንድ የመታሰቢያ ዝግጅት ላይ ተነበበ፤ የዚያ ዘመን ገዥዎች ሕዝባቸውን ሳይታደጉ መቅረታቸውን የሚያምን ነበር። በ2021 ይፋ በሆኑ ሰነዶች ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊገኙ ስላልቻሉ ረዳቶቻቸው ጽፈው እንዳስተላለፉት ታወቀ።

የአየርላንድ ደሴት፣ ሰሜኑም ደቡቡም ተደምሮ፣ ዛሬም የ1841ን ያህል ሕዝብ የላትም። በሜዮ አውራጃ በዚያ ዓመት 388,887 ሰው ነበር፤ በ2022 ቆጠራ 137,970። በዚያ አውራጃ ማንም የማይኖርባቸው ኮረብታዎች አሉ፤ ቀን ሲያዩአቸው የበግ ግጦሽ ናቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው ከጎን ይመጣና ከሣሩ ሥር የድንች መደቦቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ጎን ለጎን፣ ከግርጌ እስከ አናት፣ በሰው እጅ ተቆፍረው እንደተተዉ።