ስልሳ ስምንቱ ተመራጮች እና የጠፋው ሕግ



በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን የምናነሳው ስለ ሕገ መንግሥት ነው። «ይህ የሕግ አዋቂዎች ጉዳይ ነው፤ ለሸማኔው፣ ለነጋዴው፣ ለቤት እመቤቷ ምን ይረባታል?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ሰው መሬት የሚይዘው፣ ውርስ የሚካፈለው፣ ጋብቻው የሚጸናለት፣ በዓሉ የሚከበርለት በሕግ ነው። ሕጉ ሲረቀቅ በቦታው ያልነበረ ደግሞ ሌላው የቆረሰለትን ይጎርሳል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

በባሕር ዳር፣ በዓባይ ማዶና በጣና ዙሪያ የምንኖር ሙስሊሞች ይህን ከአባቶቻችን ታሪክ እናውቀዋለን። በ1660 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን ጎንደር ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ስለ ሙስሊሙ ተመከረ እንጂ ከሙስሊሙ ጋር አልተመከረም። በየዘመኑም ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት ስላልነበረው በሽመና፣ በቆዳ ሥራና በንግድ ኖረ። ከጣና በስተ ምሥራቅ ያሉት የይፋግና የደሪጣ ገበያዎች በእነዚህ ነጋዴዎች የታወቁ ነበሩ። «ሰማይ ዓምድ የለውም፣ እስላም አገር የለውም» የሚለው አሮጌ ተረት የመጣውም ከዚሁ ኑሮ ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 አገራችን የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አገኘች። በማርቀቁ ሥራ ዋናው ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ አርአያ የሆነውም የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ። ሆኖም የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የአገር ሹማምንቱ ይመርጣሉ ተባለ። መኳንንት ላልነበረው ሕዝብ ማን ይመርጥለታል? ይህን ጥያቄ ያነሳ አልነበረም።

የአስመራው ሸንጎ

እንግዲህ አሳባችሁን ወደ አስመራ መልሱልን። ከዓባይ ማዶ ሆነን ስለ አስመራ ምን አገባን እንዳትሉ፤ እዚያ የተጻፈው ሕግ የእኛንም አባቶች ያስተዳደረውን ሕግ ለውጦታል።

ኤርትራ ከ1882 ጀምሮ የጣልያን ቅኝ ግዛት ነበረች። በ1933 እንግሊዝ ጣልያንን ድል አድርጎ የራሱን አስተዳደር አቆመ። ኅዳር 23 ቀን 1943 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ46 ድጋፍና በ10 ተቃውሞ፣ ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር ሆና የውስጥ አስተዳደሯን ራሷ የምትመራ የፌዴሬሽን አካል እንድትሆን ወሰነ። ሕገ መንግሥቱን እንዲያዘጋጁ የቦሊቪያው ተወላጅ ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንዞ ተላኩ። እኚህ ሰው ረቂቁን ከማዘጋጀታቸው በፊት አገሩን ዞረው የየወገኑን አሳብ ሰሙ።

መጋቢት 16 እና 17 ቀን 1944 ምርጫ ተደረገ። በአስመራና በምጽዋ ሕዝቡ በቀጥታ መረጠ፤ በሌላው አገር ግን በየመንደሩ ወኪሎች አማካይነት ተመረጠ። ሴቶች አልመረጡም። ሚያዝያ 20 ቀን የተከፈተው ምክር ቤት 68 አባላት ነበሩት፤ 34ቱ ሙስሊም፣ 34ቱ ክርስቲያን። ከኢትዮጵያ ጋር መዋሃድን የሚፈልገው የአንድነት ፓርቲ 32 መቀመጫ አገኘ። ዴሞክራሲያዊ ግንባር 18፣ የምዕራብ አውራጃ ሙስሊም ሊግ 15፣ ሌሎች ደግሞ 3 ያዙ። የግንባሩ ዋና አካል በኅዳር 1939 ከረን ላይ የተመሠረተው አል-ራቢጣ አል-ኢስላሚያ ሲሆን፣ ከመሪዎቹ ስሙ የገነነው ኢብራሂም ሱልጣን ዐሊ ነበር። የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ተድላ ባይሩ፣ ምክትላቸው ሼህ ዐሊ ሙሐመድ ሙሳ ረዳይ ሆኑ።

ቁጥሩን ልብ በሉልን። ከ68ቱ ግማሹን ብቻውን የያዘ ፓርቲ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም የሌላውን ወገን ማሳመን ግድ ሆነበት። ክርክሩ የበረታው በሦስት ነገሮች ነበር፤ በቋንቋ፣ በባንዲራና በንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሥልጣን። እንደራሴው የአስተዳደሩን ራስ ይሹም ወይስ ምክር ቤቱ ይምረጥ? ዐረብኛ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን ወይስ አይሁን? ለቆላው ሙስሊም ዐረብኛ የመድረሳውና የቃዲው ቋንቋ ነው። ለደጋው ክርስቲያን ትግርኛ የአፍ መፍቻው ነው። አንዱ ቢቀር የአንዱ ወገን ልጅ አቤቱታውን በአስተርጓሚ ሊያቀርብ ነው።

ከሁለት ወር በላይ ተከራክረው ሐምሌ 3 ቀን 1944 ሕገ መንግሥቱን አጸደቁ። ትግርኛና ዐረብኛ ሁለቱም የመንግሥት ቋንቋዎች ሆኑ። የአስተዳደሩን ዋና ሹም ምክር ቤቱ እንዲመርጥ፣ እንደራሴውም በሥነ ሥርዓት ሥራ እንዲወሰን ተደረገ። የየማኅበረሰቡ የጋብቻ፣ የቤተሰብና የውርስ ሕግ እንዲከበር ተጻፈ። ነሐሴ 5 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አጸደቁት፤ መስከረም 1945 ሲጠባም ፌዴሬሽኑ ሥራ ጀመረ።

መመካከር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቁርአናችን «አሽ-ሹራ» ተብላ በመመካከር ስም የተጠራች ምዕራፍ አለች። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችንና አይሁዶችን በአንድ የጽሑፍ ውል አስተሳስረዋል። የእያንዳንዱ ወገን መብትና ግዴታ ተለይቶ ተጽፏል። ሃይማኖቱ የተለያየ ሕዝብ በአንድ ከተማ እንዴት ይኑር የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ጥንታዊ ነው።

የተጻፈው እንዴት ጠፋ?

ያ ሕግ ዐሥር ዓመት ብቻ ኖረ። ያፈረሰውም የአንድ ቀን አዋጅ አልነበረም፤ ቀስ በቀስ ተሸረሸረ። ተድላ ባይሩ በ1947 ሥልጣን ለቀቁ። የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኖ የነበረው ኢድሪስ ሙሐመድ አደም ከቦታው ተነሳ። በ1951 ባንዲራው ወረደ። ትግርኛና ዐረብኛ ለአማርኛ ቦታ ለቀቁ። በ1952 «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» ተባለ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ምክር ቤቱ ራሱ ፈረሰ።

የሚያሳዝነው ባንዲራውንና ስሙን ለመለወጥ ድምፅ የተሰጠው በዚያው ምክር ቤት ውስጥ መሆኑ ነው። ግፊቱ ከላይ መጣ፤ እጅ ግን ከውስጥ ወጣ። ዋስ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም አልደረሰም። ኢድሪስ ሙሐመድ አደም በሐምሌ 1952 ካይሮ ላይ የነጻነት ግንባር ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት የፈሰሰውን ደም የማያውቅ የለም፤ በመካከላችንም ልጁን ለዚያ ጦርነት ሸኝቶ ያላየው ቤተሰብ ብዙ ነው። በወንበር ተቀምጦ በቃል መጨረስ ይቻል የነበረው ነገር በጥይት ሆነ።

ወደ እኛው እንመለስ

የአስመራው ሕግ ከ1923ቱ በእጅጉ የላቀ ስለነበር፣ ማዕከላዊው መንግሥት የራሱን ሳያሻሽል ሊቀመጥ አልቻለም። በጥቅምት 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ወንድም ሴትም የሚመርጥበት የመጀመሪያው ምርጫም ተደረገ። ይህ መልካም ነበር። ነገር ግን ለመመረጥ የሚቀርብ ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት ሊኖረው ይገባል ተባለ። ለዘመናት ርስት ለተነፈገ ሕዝብ ይህ በር ምን ያህል እንደሚጠብብ አስቡት። በአንድ በኩል የእምነት ነጻነት ተጻፈ፤ በሌላ በኩል በ126ኛው አንቀጽ አንዷ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሆነች።

ስለዚህ ሙስሊሙ በምክር ቤት ያላገኘውን መድረክ በአደባባይ ፈለገው። በ1966 አዲስ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ጉባኤ በተሰየመበት ወቅት፣ ሚያዝያ 12 ቀን፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጣ። ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው ወጡ። መንግሥትና ሃይማኖት ይለይ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ መሬት የመያዝ መብት ይኑረን፣ በመንግሥት ሥራ በእኩልነት እንቀጠር፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሳይሆን «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ። ያ ረቂቅ ከንጉሠ ነገሥቱ መውረድ ጋር ቢቀርም ጥያቄዎቹ አልቀሩም። ዒድ አል-ፈጥር፣ ዒድ አል-አድሓና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም የርስትን አጥር አፈረሰ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን በ11ኛው፣ የእምነት ነጻነትን በ27ኛው አንቀጽ አሰፈረ። በ1994 ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር የክልሉ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ ጸደቀ። በዚሁ ክልል የአዊ፣ የኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰቦች የየራሳቸው አስተዳደርና ምክር ቤት አላቸው። ከሚሴ ላይ የሚሰበሰቡት ተመራጮችና የአስመራዎቹ 68 ሰዎች የሚያነሱት ጥያቄ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። የራስን ጉዳይ በራስ ቋንቋ፣ ከጎረቤት ሳይጣሉ እንዴት ማስተዳደር ይቻላል?

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው አንድ ነገር ነው። መብት መጻፉ አንድ ሥራ ነው፤ የተጻፈውን መጠበቅ ሌላ ሥራ ነው። የአስመራ ሰዎች የመጀመሪያውን በሚያስደንቅ ሁኔታ ፈጸሙት፤ ሁለተኛው ግን አልጸናላቸውም። መብት ብዙ ጊዜ የሚሄደው «ይህች ትንሽ ናት፣ ትለፍ» እየተባለ ነው።

ይህ ከቤታችን የራቀ አይደለም። በ34ኛው አንቀጽ መሠረት የጋብቻና የቤተሰብ ክርክር በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ስንቷ እህታችን ይህን ታውቃለች? ፈቃዷን ስትጠየቅ «እሺ» ማለትም «እንቢ» ማለትም መብቷ እንደሆነ ነግረናታል? ስንቶቻችንስ ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ «ሥራ አለኝ» ብለን ቀርተን በማግስቱ ውሳኔውን እናማለን? ከአባቶቻችን ብዙዎቹ በምክር ቤት ወንበር አልነበራቸውም። እኛ ግን ወንበሩ ቀርቦልን ቆመን ከቀረን ማንን እንወቅሳለን?

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ከልጆቻችሁ ጋር 11ኛውን፣ 27ኛውንና 34ኛውን አንቀጽ አንብቡ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያንብብ። አላህ (ሱ.ወ.) መመካከርን ገር ያድርግልን፤ አገራችንን ከደም መፋሰስ ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።