ጣይቱ ወይስ ፀሓይቱ?

እቴጌ ጣይቱን የማያውቅ የለም፡፡ በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ስም ያወጡላት፣ ዓድዋ የዘመቱት፣ በማኅተማቸው «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የተባሉት እቴጌ፡፡ ስማቸው ምን ማለት እንደሆነ ግን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? ጣይ ማለት እኮ ፀሐይ ነው፡፡ ገጠር ዛሬም «ጣይ ወጣች»፣ «ጣይ መታኝ» ይባላል፡፡ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ቱ» ደግሞ ዘውዲቱ ላይ የምናገኛት የሴት ምልክት ናት፡፡ ብርሃንና ፀሐይ እንግዲህ በአንድ ማኅተም ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው፡፡

አሁን ተከዜን እንሻገር፡፡ ትግራይ ውስጥ ፀሓይቱ የምትባል እናት ፈልገን አናጣም፡፡ ስሙ ያው የእቴጌይቱ ስም ነው፤ የተለየው አፍ ነው፡፡ ግዕዝ ጸም ነበረው፣ ከጉሮሮ የሚወጣ ሐም ነበረው፡፡ ትግርኛ ሁለቱንም ይዞ ቀረ፡፡ አማርኛ ግን ጸን በየቦታው ወደ ጠ አዞረው (ጾምን ጦም፣ ጸጉርን ጠጉር የምንለው ለዚሁ ነው)፤ ሐን ደግሞ ከተራው ሀ ጋር ቀላቀለው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ውጦት አለፈ፡፡ ፀሐይ፣ ጠሐይ፣ ጣይ፡፡

የሚያስቀን ነገር አለ፡፡ ዛሬ ከተማ ውስጥ ፀሐይ የተባለችን ልጅ «ጠሐይ» ብሎ የሚጠራ ሰው ሲመጣ ባላገር ነው ብለን ከንፈራችንን እንነክሳለን፡፡ ያቺ የምንስቅባት ጠ ግን በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ደፍታ እቴጌ ተብላለች፡፡ «ትክክለኛው አጠራር» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የምላስ ጉዳይ አይደለም፤ ማን ጻፈው፣ ማንስ አነበበው የሚለው ነው፡፡

ሌላዋ ስም ወለተ ናት፡፡ በግዕዝ ሴት ልጅ ማለት ነው፡፡ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሰንበት፣ ወለተ ጊዮርጊስ ትባላለች፡፡ በ17ኛው መቶ ዘመን የንጉሥ ሱስንዮስን ካቶሊክነት እምቢ ብላ የተሰደደችው ቅድስትም ወለተ ጴጥሮስ ነበረች፡፡ አማርኛ ተናጋሪው ዘንድ ይህ ስም አሁን ባመዛኙ የክርስትና ስም ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ቀርቷል፡፡ ትግራይ ውስጥ ግን ወ ከፊቷ ወደቀችና ለተብርሃን፣ ለተኪዳን፣ ለተሰንበት ሆና ትምህርት ቤትም ገበያም ትጠራለች፡፡ በ2013 ዓ.ም. ሄንጌሎ ላይ አሥር ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ ሮጣ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረችው ለተሰንበት ግደይ፣ በስሟ ወለተ ሰንበት ናት፡፡ ጎንደር ያለችው ወለተ ሰንበት ዘመዷ መሆኗን በሬዲዮ ስሟን ስትሰማ የምትጠረጥር አይመስለንም፡፡

ከዓረብኛ የመጡት ስሞች ደግሞ የበለጠ ተጉዘዋል፡፡ የነቢዩ ልጅ ፋጢማ ወሎ ላይ ፋጡማ ናት (ስታቆላምጧት ፋጤ፣ አዲስ አበባ ስትገባ ፋፊ)፡፡ ሶማሌ ክልል ስትደርስ ፋዱሞ ትሆናለች፤ ሶማልኛ ጠ የሚባል ድምፅ የለውማ፡፡ ዘም ስለሌለው ዘይነብ ሰይነብ ትባላለች፡፡ ቃልን በም መጨረስ ስለማይወድም መርየም ዞራ መርያን ሆና ትገኛለች፡፡ ይህ ሁሉ ስሕተት አይደለም፤ ሥርዓቱን ጠብቆ የሚሄድ የቋንቋ ሥራ ነው፡፡ እንዲያውም ከዓይሻ ፊት ያለችውን የጉሮሮ ድምፅ አጥርቶ የሚያወጣው ሶማልኛው ነው፡፡ እኛ ዐ የሚል ፊደል ይዘን ድምፁን ከጣልን ቆይተናል፡፡

ኦሮምኛ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፡፡ ደራርቱ ማለት ያበበች ማለት ነው፤ የአማርኛዋ አበበች እኩያ ናት፡፡ በቋንቋዋ ሲጠሯት «ራ» ትረዝማለች፣ መጨረሻዋ «ቱ»ም ትረዝማለች፡፡ ጫልቱም ላይ «ጫ» እንዲሁ፡፡ አያንቱ ላይ ደግሞ ያዋ ትጠብቃለች፡፡ ፊደላችን ርዝመትንም ጥብቀትንም አያሳይም፤ ስለዚህ አማርኛ አንባቢ ያጥር ያላላውና ይሄዳል፡፡ ኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ ግን የሚረዝመው አናባቢ ሁለቴ ይጻፋል፣ የሚጠብቀውም እንዲሁ፡፡ ቁቤ የተመረጠውም፣ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያጠለቀችውም በዚያው በ1984 ዓ.ም. ነው፡፡ አገሩ ሁሉ በዚያ ክረምት ስሟን እየጮኸ ጠራት፤ አብዛኛው ግን አሳጥሮ ነው የጠራት፡፡

ይህ ሁሉ የጨዋታ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ወረቀት ባይመጣ ኖሮ፡፡ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፤ በአገር ደረጃ ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ እናት የምትጠራት ስም የክብር መዝገብ ሹሙ በሰማው መንገድ ይጻፋል፡፡ ሹሙ ደግሞ የሚሰማው በራሱ ጆሮ ነው፡፡ እኛ የምንለው፣ ስሙ እናትየው እንደምትጠራው ይጻፍ፤ ተጽፎም እንደገና ይነበብላት፡፡ ፋዱሞ ያለችውን ፋጡማ ብሎ «ማስተካከል» ለጸሐፊው የአንድ ደቂቃ ደግነት ነው፤ ልጅቷ ግን የትምህርት ማስረጃዋ ላይ ፋዱሞ፣ መታወቂያዋ ላይ ፋጡማ ሆና ካደገች ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ የምትዞረው እሷ ናት፡፡ እቴጌ ጣይቱ እንዲህ ያለ ጣጣ አላገኛቸውም፤ ማኅተሙ በእጃቸው ነበር፡፡