የጥጃ ሞትና ኀዘኑ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

የጥጃ ሞት ላም የሚያረባን ቤተሰብ ደጋግሞ የሚያጋጥመው፣ ግን ብዙም የማይወራለት ጉዳት ነው። ላም ብትሞት ጎረቤት ይሰማል፤ በሬ ቢሞት እርሻ ይስተጓጎላልና ዘመድ ይመጣል። ጥጃ ሲሞት ግን ባለቤቱ ሬሳውን ከጓሮ አውጥቶ ይቀብርና ወደ ሥራው ይመለሳል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲጠበቅ የነበረ፣ በተወለደ ማግስት በመልኩ ቦራ ወይም ዳልቻ ተብሎ ስም የወጣለት፣ ልጆች ጣታቸውን እያስጠቡ ያለመዱት እንስሳ ነው እንዲህ ዝም ተብሎ የሚያልፈው።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። ሦስቱም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርቡት አካባቢዎች መካከል ሲሆኑ፣ የሱሉልታ ሜዳ በድርቆሹ ይታወቃል፤ በሰበታ ደግሞ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካና «ማማ» የተባለው ወተት የሚቀናበርበት ድርጅት አሉ። ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ሜዳውን እየወሰዱት ሲሄዱ ብዙ አርቢ ከግጦሽ ወጥቶ፣ ጥቂት የተዳቀሉ ላሞችን ግቢው ውስጥ አስሮ በድርቆሽ፣ በፉርሽካ፣ በፋጉሎና በቢራ አተላ ወደ መቀለብ ዞሯል። በዚህ አኗኗር ጥጃው ከመንጋ ጋር መስክ አይውልም። ከቤቱ በር ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ከልጆቹ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ያድጋል። ስለዚህ ሲታመም ሁሉም ያየዋል፤ ሲሞትም ቦታው ባዶ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል።

እናቲቱ

ላም በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥጃዋን እየላሰች ሽታውን ትለያለች፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ላም ጥጃ ቢጠጋት አብዛኛውን ጊዜ ትገፋዋለች። ጥጃዋ የሞተባት ላም እምቧ እያለች ትጣራለች፣ ተኝቶበት የነበረውን ቦታ ታሸታለች፣ መኖም ልትተው ትችላለች። በወተት ላሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት እናትና ልጅ አብረው የቆዩበት ጊዜ በረዘመ መጠን ሲለያዩ ጩኸቱና መቅበጥበጡ ይበረታል። በሳምንቱ የሞተው ጥጃና በተወለደበት ሰዓት የሞተው በእናቲቱ ዘንድ አንድ አይደሉም።

የሀገር ዘር ላም አብዛኛውን ጊዜ ጥጃዋን ሳታይ ወተቷን አትለቅም። አላቢው አስቀድሞ ጥጃውን ይለቀዋል፤ ጥቂት ጠብቶ ግቷ ሲወጠር ይጎትተውና ከፊት እግሯ አጠገብ ያስረዋል፤ እሷ እየላሰችው ትታለባለች። ወተቱን የሚያወርደው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ሲሆን፣ የሚመነጨው በዚሁ መጥባት፣ ማየትና ማሽተት ነው። የፍሪዥያን ደም የበዛባት ላም ያለ ጥጃም ትታለባለች፤ ሀገረ ሰብ ደም ያላት ግን ጥጃዋ በሞተ ሰሞን ልትነጥፍ ትችላለች።

ለዚህ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የቆየ ዘዴ አለ። የሞተው ጥጃ ቆዳ ይገፈፋል፣ ጭድ ይሞላና ይሰፋል፤ በአለባ ሰዓት ላሟ ፊት ይቀርባል። ጨው ይነሰነስበታል። ላሟ ታሸተዋለች፣ የምታውቀውን ሽታ ታገኛለች፣ ጨዉን ትልሳለች፣ ወተቷም ይወርዳል። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ ስለ ኑዌር ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ልማድ መዝግቧል፤ ኑዌሮች በተሞላው ቆዳ ላይ የእናቲቱን ሽንት ይቀባሉ። ከሩቅ ለሚያይ ዘዴው ጭካኔ ይመስላል። በጋጣው ውስጥ ለቆመ ግን ወተት የሚጠብቁ ልጆች ያሏት እናት ከሌላ እናት ጋር የምትደራደርበት መንገድ ነው፤ ላሟንም ከባዶ በረት ይልቅ የሚያረጋጋት ይመስላል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፦ ጥጃው በድንገት ከሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም ከወጣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሬሳ አይገፈፍም፣ አይበለትም፣ ሥጋው አይበላም። ተሕዋሲው አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ ሰውንም ይገድላል።

የቤተሰቡ ኀዘን

ጥጃን መጠበቅ በገጠሩ ኢትዮጵያ የልጅ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ገና ከብት ለመከተል አቅም የሌለው ልጅ ጥጃ ይሰጠዋል። በከተሞቹ ዙሪያ ባሉት ግቢዎችም በረት መጥረግ፣ ጥጃ ማጥባትና ውኃ ማቅረብ በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ድርሻ ነው። እንግዲህ ጥጃ ሲሞት ኀዘኑ የሚያርፈው ዕድር በሚሰበሰበው አባወራ ላይ ሳይሆን፣ ማንም መጥቶ «እንዴት ሆናችሁ» በማይላቸው ላይ ነው።

የተለመደው ማጽናኛ «ከሰው ይለፍ» ነው፤ «እግዜር ይተካው»ም ይባላል። ንግግሩ ደግ ነው፤ ሞት ወደ ቤቱ ገብቶ በጥጃው ተመለሰ ማለት ነው። ለአዋቂው ያበረታዋል። ጥጃውን በጡጦ ላሳደገች የስምንት ዓመት ልጅ ግን አይበቃትም፤ እሷ ከሰው ጋር እያወዳደረችው አልነበረም። አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ማኅበረሰብ ዕውቅና ያልሰጠውን ኀዘን ለይቶ ጽፎበታል፤ ኀዘንተኛው ከኀዘኑ ሌላ ማዘኑን የመደበቅ ሸክም እንደሚጨምርበት አስረድቷል። የእንስሳ ሞት ከዚህ ወገን ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2001 በአፍና እግር በሽታ ምክንያት ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ሲታረዱ፣ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከምብሪያ ነዋሪዎችን የማስታወሻ ጽሑፍ ሰብስበው ሲያጠኑ፣ ጭንቀቱና ድንጋጤው ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም እንዳልለቀቃቸው አገኙ።

ኢትዮጵያም የከብት እልቂትን ኀዘን ታውቀዋለች። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን፣ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ገብቶ ከብቱን ጠራርጎ ፈጀው፤ ጠማጅ በሬ ጠፍቶ ረሀቡ ተከተለ። ያ ኀዘን የሀገር ነበር፣ የተመለሰውም በሀገር ነው፦ በቢሾፍቱ በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ክትባቱን አመረተ፣ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከደስታ በሽታ ነጻ መሆኗ ተመሰከረላት፣ በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ዛሬ ጥጃ የሚሞተው በየግቢው፣ ለየብቻው ነው፤ ለዚህ ነው ድምፁ የማይሰማው።

ለልጅ እውነቱን መንገር ይገባል። «ተሸጠ» ወይም «ለዘመድ ተሰጠ» የሚል ውሸት ልጁን መንገድ መንገዱን እንዲጠብቅ ያደርገዋል፤ እውነቱን ከጎረቤት ሲሰማም በወላጁ ላይ ያዝናል። ሞቷል ብሎ መንገር፣ ሲያለቅስ አለመሳቅ፣ ከፈለገ ሲቀበር ሬሳውን ሳይነካ ቆሞ እንዲያይ መፍቀድ ይሻላል። ሌላ ጥጃ ወዲያው ማምጣትም አያስቸኩልም።

ምን በድዬ ነው?

ኀዘኑን ከሁሉ የሚያከብደው ይህ ጥያቄ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ነው። የሰው ልጅ በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ደም በሽታ መከላከያ ይወርሳል፤ የላም እንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም፤ ጥጃ ያለ መከላከያ ይወለዳል ማለት ይቻላል። ውርሱ ያለው በእንገሩ ውስጥ ነው። አንጀቱም መከላከያውን ወደ ደም ማሳለፍ የሚችለው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ አንድ ቀን ካለፈ ያ ችሎታ ያበቃል። ስለዚህ 30 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በተወለደ በስድስት ሰዓት ውስጥ 3 ሊትር ያህል እንገር ማግኘት አለበት፤ የመጀመሪያው ጉርሻ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

በዚህ ላይ ሁለት ልማዶች ይጎዱታል። አንዱ እንግዴ ልጁ እስኪወርድ ጥጃውን ሳያጠቡ መቆየት ነው። ሁለተኛው እንገሩን አልቦ፣ አፍልቶ ለቤተሰብና ለጎረቤት ማቅመስ ነው፤ የደስታ ማዕድ ነውና ማንም በክፋት አያደርገውም፤ ነገር ግን ከጥጃው ድርሻ ከተቀነሰ ይገድላል። ጥጃው ከጠገበ የተረፈውን መብላት ችግር የለውም።

ከዚያ በኋላ የሚገድሉት ተቅማጥና የሳንባ ምች ናቸው። ተቅማጡ ሰውነቱን ውኃ አሳጥቶ ይጥለዋል፤ ስለሆነም ንጹሕ ውኃ ከጨውና ስኳር ጋር ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ወተቱንም አለማቋረጥ ያስፈልጋል። የሳንባ ምች በሱሉልታ ከፍታና በክረምቱ ብርድ፣ እርጥብ ወለልና አየር የማይዘዋወርበት በረት ሲገጥመው ይበረታል። በአዮዲን ያልተነከረ እትብትም ሌላ የበሽታ በር ነው።

ከበሽታ ውጭ ገበያም ይገድላል። ወተት በሊትር በሚሸጥበት ግቢ ጥጃው የሚጠባው ሁሉ ከሽያጭ የሚቀነስ ነው፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ የወደፊት ወተት ተስፋ የለውምና ድርሻው ያንሳል። ወንድ ጥጃ በረሀብ ደክሞ ሲሞት «በሽታ ገደለው» ማለት ትክክል አይደለም። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የእንስሳት ሀብት ማስተር ፕላን የግልገልና የጥጃ ሞትን መቀነስ ከቀዳሚ ጉዳዮች አንዱ ያደረገው፣ ጉዳቱ በሀገር ደረጃ ሲደመር ከባድ ስለሆነ ነው።

ለአካባቢው አርቢ የሚጠቅመው ምርመራ ቅርብ ነው። ቀድሞ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል ይባል የነበረው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘው እዚያው ሰበታ ነው፤ የአካባቢ ሐኪሞች የሚወስዱት ናሙና እዚያ ሊመረመር ይችላል። ሬሳን ወንዝ ዳር ወይም መንገድ ዳር ጥሎ ለውሻና ለጅብ መተው በሽታውን ወደ ጎረቤት በረት መላክ ነው፤ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበር። ጥጃ የሞተበት ሰው ግን ጉድጓዱን ከመድፈኑ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይጥራ፤ በአንድ ግቢ ሁለተኛ ጥጃ ከሞተ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይጥራ።